የአፍ ምትክ

ጋራዣችን ያለው ደቻቱ ዳርቻ፣
ወንዙም ወንዝ አይደለም፣ አሸዋ ነው ብቻ፤
ከጓሯችን ግን አለ የማይደርቅ ጥቁር፣
ሰባት በርሜል ዘይት፣ የሰው መኪና ጉድፍ፣ የሰው መኪና ምስጢር።

ተቃጠለ ይሉታል፤ ግን ገና አልሞተም፣
ግንበኛ ለጣውላው ሳይቀባው አያድርም፤
ምስጥ የፈራ ሁሉ ለአጥሩ እንጨት ይሻዋል፣
ዳቦ ቤቱ ለእሳቱ በጀሪካን ይጭነዋል።

ከበርሜል ወደ ጀሪካን መንገዱ ሁለት ክንድ፣
ግን ማን ያሻግረዋል ይህን ግትር ጉድ?

አርባ ዓመት ሙሉ መልሱ የኡስታ ዘከርያ አፍ ነበር።
ጎማውን ይነክሳል፤ ጉንጩ ይጎደጉዳል፤
ጥቁሩ ሲደርስ ጫፉን ለቅቆ ይተፋል፤
ከዚያ ይፈርዳል፦
«ይሄ የአይሱዙ ነው፤ ጌታው ገብጋባ ነው፣
አስር ሺውን አሳልፎ ነው ያስቀየረው።»
«ይሄኛው ውሃ አለበት፤ ጋስኬቱ ተበልቷል።»
«ይሄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ቀለበቱ አልቋል።»
እኛም እንስቅ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ኡስታ ሳል ይዞት ቀርቶ
ኢብሳ ጎማውን ያዘ፣ ጌታውን ተክቶ።
አስራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ገና ለስላሳ፤
መቼ እንደሚለቀቅ ያልነገርነው ኢብሳ
ዋጠ።
ከኒሙ ሥር ተንበርክኮ ሲያስመልስ
ጀርባውን ይዤው ነበር፤
በሸሚዙ ላይ አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።
ወላሂ፣ አልኩ። ነገ ፓምፕ።

ታይዋን ገባሁ በጠዋት፣ ሱቁን ሙቀት ሳይዘጋው፤
ሂርሲ አንድ ሰማያዊ በጨርቅ አሸት አርጎ አበራው።
«አቦ፣ ይሄን ውሰድ! ሶኬት ላይ ሰካና
ሻይህን ጠጥተህ ና።»
እኔ ግን ይዤ ነበር በሃይላንድ ጠርሙስ
የገዛ በርሜሌን አተላ፣ ጥቁር እስከ አንገቱ ድረስ፤
ፓምፕ በውሃ አይመረጥ፣ ሚስት በፎቶግራፍ፤
አብሮ የሚኖረው ሌላ ነው፣ ቀለሙ ሲረግፍ።

ሰማያዊው ሁለቴ ጮኸ፣ ሦስተኛ አልደገመም፤
ለውሃ የተፈጠረ ወፍራም አያስተናግድም።
ቀዩ ፕላስቲክ መዘውር ደህና ጀመረና
እጀታው እጄ ላይ ቀረ፤ ሂርሲ ዞር አለና
«አንተ ነህ የሰበርከው» አለ።
ባለ ላስቲኩን ሳልነካው መለስኩ፤ ዘይት ላስቲክ ያሳብጣል፤
ወር ሳይሞላው እንደ ታመመ ከንፈር ተቆልምሞ ይቀራል።

አኮረፈ። ከዚያ ከመደርደሪያው ግርጌ፣
ከተሰበረ ሚዛን ጎን፣
አንድ ቀለም የለሽ ብረት ጎትቶ አወጣ፤
ሆዱ ውስጥ ሁለት ጥርሳም ጎማዎች፣ እንደ አሮጌ ባልና ሚስት
ተናክሰው አብረው የሚዞሩ።
«ከባቡሩ ወርክሾፕ ነው።»
ድሬ ላይ ከባድ ብረት ሁሉ ከባቡር ነው የመጣው፤
አላመንኩትም፤ ግን ጠርሙሴን ሳያስል ጠጣው።

የሦስት ብርጭቆ ሻይ ያህል ተከራከርን፤
የቀዩን እጀታ ጨምሮ ነው ያስከፈለኝ።

ጥርስ ግን ጥርስ ነው፤ ብሎን ቢነክስ ይሸረፋል፤
የእህቴ ሻይ ማጥለያ ቱቦው ጫፍ ላይ ታስሯል።
(እስካሁን ትፈልገዋለች።)
ጠዋት አንነካውም፤ ጠዋት ዘይቱ ኩሩ ነው፤
ሰባት ሰዓት ላይ ነው፣ ከተማው በር ዘግቶ ሲተኛ፣
ፀሐይ በርሜሉን ስትገርፈው
ይቀጥናል፣ ይለዝባል፣ እሺ ብሎ ይወርዳል።
ግማሹ ፓምፕ ፀሐይ ናት፤ ለእሷ አልከፈልኩም።

አሁን ኢብሳ ያዞራል፤ አፉ ሥራ ፈቷል፤
ያፏጫል።
አንድ ዜማ በሁለት ጀሪካን ያልቃል።

ኡስታ ትናንት መጣ፣ ሳሉ ቀለል ብሎት፤
ፓምፑን እንደ አዲስ ምራት ዞሮ ዞሮ አይቶት፣
ጆሮውን አስጠግቶ ሰማው።
«ደህና ነው» አለ። «ግን ምንም አይነግርህም።»
ከዚያ ያላየነው መስሎት
ከቱቦው ጫፍ ጠብታ በጣቱ አነሳ፣
ምላሱ ላይ አኖረ፣ ዓይኑን ጨፈነ።
«የሳቢያኑ ሚኒባስ ነው» አለ።
«ንገሩት፤ ውሃ እያስገባ ነው።»